ማጭድ በሞላበት ሜዳ መቀስ ስለጠፋበት ቀን

ሰበር ዜና። ወር በገባ በልደታ ዕለት፣ ከረፋዱ ላይ፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም በልጄ ቤት አንድ ዳቦ ሳይነሳ ቀርቷል። በአደጋው የሞተም የቆሰለም የለም፤ ቢላዋው ግን መሐል ላይ ተጣብቆ ለማውጣት የሁለት ሰው ጉልበት ጠይቋል። የልጄ ሚስት አያንቱ መጀመሪያ እርሾውን፣ ቀጥላ ምድጃውን፣ በመጨረሻም ሶፋ ላይ ቁጭ ብዬ የምስቀውን እኔን ጠረጠረች። ምርመራው ሲጠናቀቅ ጥፋቱ የዱቄቱ ሆኖ ተገኘ። ዱቄቱ የስንዴው፣ ስንዴው የታናሽ ወንድሜ የጂራታ ማሳ፣ ማሳው ደግሞ የክቡርነትዎ ኩራት መሆኑ ስለተረጋገጠ፣ የዳቦውን ጉዳይ በጋዜጣ በኩል ለሚመለከተው አካል ማሳወቅ ግድ ሆነብኝ።

ይድረስ ለተከበሩ የኩታ ገጠም ስንዴና የወቅት ምክር ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ዋና አስተባባሪ፤
ሰንጋ ተራ፣ ሊፍቱ እስከሚሠራበት ፎቅ በሊፍት፣ ከዚያ ወዲያ በእግር።

ክቡር ሆይ፣ ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ወገብዎስ? ጉልበትዎስ? ኅዳር ላይ ከድንኳኑ እስከ መኪናዎ ድረስ በዝናብ ሲሮጡ ያየ ሰው ሁሉ፣ ከቢሮ ሥራ ጋር እንዲህ ያለ ሩጫ እንዴት ሊገኝ ቻለ እያለ ስለ ጤንነትዎ ፈጣሪን ሲያመሰግን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ጫማዎ ከበቾ ጥቁር ጭቃ፣ ኮትዎ ከድንኳኑ ጠብታ፣ ስምዎ ደግሞ ከነገሩ ሁሉ ንጹሕ ሆኖ እንደወጣ ተስፋ አደርጋለሁ። የመጨረሻው እንኳ ንጹሕ ሆኖ መውጣቱን ከጽሕፈት ቤትዎ ሪፖርት አረጋግጫለሁ።

እኔ ኢታና ዱሬሳ እባላለሁ። ከልደታ ፍርድ ቤት ጀርባ የምኖር ጡረተኛ፣ የብዙ ልጅ ልጆች አያት ነኝ። ሰፈሬ ውስጥ የማወራውን ሁሉ በግማሽ ቀንሰው እንደሚሰሙኝ ሳልደብቅ እነግርዎታለሁ። ስለዚህም ለጥንቃቄ አስቀድሜ ላሳውቅዎ፦ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ከራሴ የጨመርኳት አንዲት ነገር ብቻ አለች። የቷ እንደሆነች መጨረሻው ላይ አወጣታለሁ። እስከዚያው እየገመቱ ያንብቡ፤ ከመተንበይ ጋር የቆየ ትውውቅ አለዎት።

ኩታ ገጠም ማለት ምን እንደሆነ ለማያውቅ የከተማ ጎረቤቴ ባጭሩ ላስረዳ። ማሳቸው የተያያዘ ገበሬዎች አንድ ዓይነት ዘር በአንድ ሰሞን ዘርተው በአንድ ሰሞን በማሽን የሚያጭዱበት አሠራር ነው። ሐሳቡ ክፉ አይደለም፤ ክፉ ነው ብዬም አላውቅም። ወንድሜ ጂራታ በቾ ሜዳ ላይ ያለችውን መሬቱን በሙሉ፣ ጤፍ የሚዘራባትን ጥግ እንኳ ሳያስቀር፣ በዚህ ኩታ ገጠም ውስጥ አስገብቶ ስንዴ የዘራው ጽሕፈት ቤትዎን አምኖ ነው። ሞዴል አርሶ አደር የሚል የምስክር ወረቀትም ሰጥታችሁታል። በላስቲክ የታሸገች ስለሆነች፣ ከንብረቱ ሁሉ ዝናብ ያልነካት እሷ ብቻ ሆና ግድግዳው ላይ ተሰቅላ ትገኛለች።

ቅሬታ ማቅረብ በእኔ ዕድሜ ስለማያምር፣ ያለኝን በምስጋና መልክ በተራ ቁጥር አስቀምጫለሁ።

አንደኛ። በየሳምንቱ ለጂራታ በስልኩ ለምትልኩለት የአየር ሁኔታ መልእክት እናመሰግናለን። ዘንድሮ ክረምቱ ምን እንዳደረገ ያውቃሉ። ሰኔን አስጠብቆ ዘግይቶ ገባ፤ ሐምሌ መሐል ላይ ቡቃያው ሊጠጣ አፉን ሲከፍት ጠፋ፤ ነሐሴ ላይ የጠፋበትን ሊክስ ነው መሰለኝ ሁሉንም ባንዴ ደፋው፤ መስከረም ላይ ውጣ ሲባል ደግሞ እንደ ክፉ ተከራይ አልወጣም ብሎ ተቀመጠ። በዚህ ሁሉ መካከል የእናንተ መልእክት ጸንታ ቆመች፦ «ወቅቱ መደበኛ ነው።» ጂራታ መልእክቷ በመጣች ቁጥር ከቤት ወጥቶ ሰማዩን ያይና ስልኩን ያያል፤ እንደገና ሰማዩን ያይና፣ ከሁለቱ አንዳቸው ተሳስተዋል ብሎ ይገባል።

ለዝናቡ ግን እርስዎን የምከስ እንዳይመስልዎ፤ እዚህ ላይ እንግባባ። ኅዳር ላይ ያ ዝናብ እንደሚመጣ ማንም አላወቀም። ጽሕፈት ቤትዎ አላወቀም። ጂራታም አላወቀም። ዝናብ ሲመጣ ጉልበቴ ይነግረኛል እያልኩ ስኩራራ የኖርኩት እኔም ያን ቀን ጃንጥላ እንኳ ሳልይዝ ነው የወረድኩት። ሰማዩ ድሮ ቢከፋም ጠባዩ ይታወቅ ነበር፤ አሁን አይታወቅም። ነገር ግን ክቡር ሆይ፣ ሰማዩ በማይታወቅበት ዘመን አንድ ነገር ብቻ ይታወቃል፦ የደረሰ እህል ዛሬ ይታጨዳል፤ ነገን የሚያምን የለማ። እኔ የተናደድኩት በዝናቡ አይደለም። በመጠበቁ ነው።

ሁለተኛ። ስለዚህ ለመጠበቁ እናመሰግናለን። ስንዴው ጥቅምት ሲያልቅ ደርሶ ነበር። ፍሬው በጥርስ ሲነከስ ቀጭ የሚል፣ ዘለላው በእጅ ሲታሽ የሚራገፍ፣ ከቤቱ ደጃፍ እስከ ወንዙ ድረስ አንድ ወጥ የሆነ ስንዴ። ጂራታ ደውሎልኝ፣ በዕድሜዬ እንዲህ ያለ አላየሁም ብሎኛል፤ የወንድሜ ድምፅም እንደዚያ ከቀለለ ብዙ ጊዜ ሆኖት ነበር። ኮምባይነሩም መጥቶ ዳር ላይ ቆሟል። የጎደለው የእርስዎ መምጣት ብቻ ነበር። የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ቶሌሳ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ የመስክ በዓል ስለሚከበር ማንም ማሳውን እንዳይነካ የሚል መመሪያ ይዞ መጣ። በዓሉ መጀመሪያ የተራዘመው፣ ክቡርነትዎ ስለ አየር ንብረት ለውጥ ለመነጋገር ባሕር ማዶ ስለሄዱ ነው ተባለ። ተመልሰው ሲመጡ ደግሞ የተራዘመው፣ ለእንግዶች የሚታደለው ኮፍያ ከማተሚያ ቤት ስላልደረሰ ነው ተባለ። ስንዴው ደርሶ ኮፍያ ይጠብቃል። ይህን ዓረፍተ ነገር ደግሜ ደጋግሜ ጽፌ አየሁት፤ በየትኛውም መንገድ ብጽፈው ያው ነው።

በዚህ መሐል ከኩታ ገጠሙ ውጪ ያሉት ጎረቤቶች ደቦ ጠርተው፣ ጤፋቸውን አጭደው፣ ከምረው ሸፍነዋል። እኔም ለጂራታ ደውዬ፣ አንተስ ደቦ ጠርተህ በማጭድ ለምን አትጀምርም ብዬ ተቆጣሁት። መልሱን እንዳለ አስቀምጥልዎታለሁ፤ ከደብዳቤው ሁሉ እንዲይዙልኝ የምፈልገው እሱን ነውና። «ጋሼ» አለኝ፣ «እንግዳ ጠርቼ ባዶ ማሳ ላሳይ?»

አዩ፣ ቶሌሳ ያመጣው መመሪያ አይደለም ወንድሜን የያዘው። መመሪያ ቢሆን ኖሮ በአንድ ሌሊት ግማሹን አጭዶ ከብት ገባበት ይል ነበር፤ አባታችንም እንዲያ ያደርግ ነበር። የያዘው ይሉኝታው ነው። እንግዳ ይመጣል ከተባለ ቤት ይጠረጋል፣ በግ ይታሰራል፣ የሚታይ ነገር ሳይነካ ይቆያል። የቤተሰባችን በሽታ ነው፤ እኔም ይኸው እንደተናደድኩ ክቡር ሆይ እያልኩ የምጽፍልዎት ከዚሁ በሽታ ተካፍዬ ነው። እናንተ ደግሞ ይሉኝታውን አግኝታችሁ እንደ ገመድ አሰራችሁበት።

ሦስተኛ። ለበዓሉ ዕለት እናመሰግናለን። ኅዳር ሚካኤል አልፎ፣ ልደታም ተክለ ሃይማኖትም ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን አቃጥሎ በጭስ ባሳለን ሰሞን፣ ሱፌን ለብሼ እንደ እንግዳ ወደ ገዛ አገሬ ወረድኩ። ስደርስ ድንኳኑ ስንዴው መሐል ተተክሏል። ለድንኳኑ ቦታ እንዲሆን የደረሰ ስንዴ ተረግጦ፣ በላዩ ቀይ ምንጣፍ ተነጥፎበታል፤ ወንበሬ ላይ ስቀመጥ ከሥሬ ዘለላ ሲሰበር ይሰማኛል። ከፊት ለፊት «ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር ማሳ» የሚል ትልቅ ጨርቅ ተሰቅሏል። ኮፍያዎቹም ደርሰዋል፤ ደስ የሚሉ ኮፍያዎች ናቸው፤ የእኔን አሁንም አስቀምጫታለሁ፣ አያንቱ ድስት ትይዝባታለች።

ኮምባይነሩ ከአፉ እስከ ጭራው ሪባን ታስሮለት እንደ ሙሽራ ቆሟል። ሹፌሩ ሙከሚል የሚባል የስልጤ ልጅ ነው። ሪባኑ በክቡርነትዎ እጅ ሳይቆረጥ ሞተር እንዳያስነሳ ስለታዘዘ፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ከረፋዱ ጀምሮ መሪውን እየዳበሰ ይተክዛል። ንግግሮች ተደረጉ። ንግግሮቹ ላይ ሌሎች ንግግሮች ተደረጉ። ከወንጪ ተራሮች በኩል አንድ ደመና ብቅ ሲል አየሁ፤ ኅዳር ነው፣ ያልፋል አልኩ፤ ከእኔ ጎን የተቀመጡት ሽማግሌዎችም ያሉት እንደዚያ ነው። ደመናው ግን እንደ እኛ ይሉኝታ አልነበረውም። መጥቶ ከላያችን ቆመ።

በመጨረሻ ክቡርነትዎ ሪባን ለመቁረጥ ተነሡ፤ ተጨበጨበ። እጅዎን ዘረጉ። መቀስ የለም። መቀሱ ሰንጋ ተራ፣ ቢሮ ውስጥ፣ ከነትሪው ተረስቷል። በመኪና ሰው ተላከ፤ ወደ አዲስ አበባ ሳይሆን ቅርብ ወዳለው ከተማ፣ ከሱቅ እንዲገዛ። እኛም እሱን ጠበቅን። ክቡር ሆይ፣ ያን ቀን በዚያ ሜዳ ላይ ማጭድ ያልያዘ የአገሬ ገበሬ አልነበረም፤ በዓሉ ሲያልቅ የማሽኑን ትራፊ ጥግ ጥጉን ሊያጭዱ ይዘው መጥተው ነበር። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው፣ በአክብሮት፣ በሁለት እጃቸው፣ ማጭዳቸውን አቀረቡልዎ። ከጎንዎ የነበረው የፕሮቶኮል ሰው፣ ለፎቶ አይመችም ብሎ መለሳቸው። ሙከሚል ከላይ ሆኖ፣ ማንም እንዲሰማው ሳይፈልግ፣ ግን ሁሉም እንዲሰማው አድርጎ፣ «እኔ ሪባን ላጭድ ነው እንዴ የመጣሁት?» አለ።

የመጀመሪያዋ ጠብታ የወደቀችው በዚያን ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን መናገር አያስፈልግም፤ ከሁላችንም ቀድመው መኪናዎ ጋ የደረሱት እርስዎ ስለሆኑ ግን ከኋላዎ የሆነውን አላዩትም። «የማይበገር» የሚለው ጨርቅ ተበጥሶ ጂራታ ራስ ላይ ወደቀ። ቀለሙ ለቆ ፊቱ ሰማያዊ ሆነ። እሱ ግን አልተንቀሳቀሰም፤ ዝናቡ ስንዴውን እየገፋ ሲያስተኛው ቆሞ ያይ ነበር።

አራተኛ። ይህን ከልቤ ነው የማመሰግንዎ፤ ሌላው ሁሉ ቀርቶ ይህ ይመዝገብልዎ። መኪናዎ ሊነሣ ሲል በሩ ተከፈተ፤ ወረዱ፤ በጭቃው ውስጥ ተመልሰው መጥተው የወንድሜን እጅ በሁለት እጅዎ ያዙ። «ጋሽ ጂራታ፣ ጥፋቱ የእኛ ነው፤ የደረሰ እህል አስጠበቅንዎ» አሉት። ጂራታም ይሉኝታው ስላልለቀቀው፣ ምንም አይደል፣ የእግዜር ሥራ ነው፣ ይልቅ እንዳይበርድዎ አለዎት። ይህን ያህል ጨዋነት ያለው ሰው በርስዎ ወንበር ላይ መኖሩን ሳስብ፣ ብዕሬ ከመክረር ይመለሳል።

አምስተኛ። ብዕሬ ተመልሶ ከረረ፤ ይቅርታ። ዝናቡ ባንድ ቀን አላበቃም፤ ሳምንቱን ዘነበ። የበቾ አፈር ሲርስ ሰው እስከ ጉልበቱ የሚውጥ ነው። ሙከሚል ከነሪባኑ ሊገባ ሞክሮ ገና ዳር ላይ ሰጠመ፤ ማሽኑን ያወጡት በበሬ ነው። ሰማዩ ሲገለጥ ስንዴው መሬት ላይ ተኝቶ፣ ፍሬው ከዘለላው ሳይወርድ አረንጓዴ ምላስ አውጥቶ ነበር። ለከተማ አንባቢ ልተርጉመው፦ ስንዴው ከነዘለላው ብቅል ሆነ። ለዘር አይሆንም፤ አንዴ በቅሏልና። ለዳቦ አይሆንም፤ ቢላዋ ይይዛል። ክቡርነትዎ ሳያስቡት የዚያን አገር ገበሬ ሁሉ ጠላ ጠማቂ አድርገውት ነበር፤ ችግሩ፣ የሚጠመቅለት ድግስ የለም።

ጂራታ ከዚያው ስንዴ የተሻለ የመሰለውን ለቅሞ፣ አስፈጭቶ፣ ወንድሜ ጋ ባዶ እጄን አልሄድም ብሎ ልደታ ድረስ ይዞልኝ መጣ። ያ ነው የኛ ዳቦ። አያንቱ ዱቄቱ ምን እንደሆነ ከተረዳች በኋላ ያን ያልተነሣ ዳቦ ቆርሳ ሁላችንንም አበላችን። አንድም ሰው አልተረፈም፤ ሁላችንም በላን።

ስድስተኛ፣ የመጨረሻው። ለሪፖርታችሁ እናመሰግናለን። ጉዳቱ «ከአቅም በላይ በሆነ የአየር ንብረት ክስተት» የደረሰ መሆኑን ጽፋችኋል። ድንኳኑ አልተጠቀሰም። ኮፍያው አልተጠቀሰም። መቀሱ፣ ምስኪን፣ አልተጠቀሰም። ዘንድሮ ሰማዩ ለሁሉም ሰው የሚሆን ጥፋት ስላለው፣ የሰው ጥፋት ሁሉ እሱ ሥር እየገባ ይጠለላል፤ ጃንጥላ ሆኖላችኋል ማለት ነው። ጂራታ ስለ ካሳ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ የጠየቃችሁ በመጪው ሰኔ የሚዘራው ዘር ብቻ ነው። በቶሌሳ በኩል የመጣለት መልስ፣ ሞዴል አርሶ አደር ራሱን የቻለ ስለሆነ በዘር ድጋፍ አይታቀፍም የሚል ነው። ቶሌሳ ይህን ሲነግረው ከቤት አልገባም፤ ደጅ ላይ ቆሞ ተናግሮ ሄደ። ልጁ ማፈር ያውቃል፤ ከማን እንደተማረው ግን አላውቅም፣ ከመሥሪያ ቤቱ አይመስለኝም።

እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው። ወንድሜ መሬት አለው፣ በሬ አለው፣ ጉልበትም ገና አለው። ዘር የለውም። ሰኔ ሲገባ፣ ዝናቡ በሰዓቱ ቢመጣም ባይመጣም፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሲዘራ እሱ ቆሞ ሊያይ ነው። ጤፉን ትቶ ሁሉንም ለእናንተ ስንዴ ስለሰጠ፣ ጎተራው ውስጥ የሚዛቅ ነገር የለም። ስለዚህ በትሕትና የምለምንዎ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ለጂራታና ከጎኑ ላሉት ገበሬዎች ዘር ከሰኔ በፊት ይድረስላቸው። ሁለተኛው፣ ከእንግዲህ በየትኛውም ኩታ ገጠም ላይ፣ እህሉ ደርሷል ያለ ገበሬ፣ እንግዳ መጣም ቀረም፣ በዚያው ዕለት እንዲያጭድ ይፈቀድለት። ለበዓሉ የሚሆን ማሳ ከጠፋ ገለባው ይበቃል፤ በገለባ ላይ ድንኳን መትከል ይቻላል፤ እኔም ሱፌን ለብሼ መጥቼ አጨበጭባለሁ።

ሰማይዎ ምንጊዜም እንደ መልእክትዎ መደበኛ እንዲሆን፣ የረገጡት ምንጣፍ ሁሉ ከሥሩ ዘለላ እንዳይሰበርበት፣ የሚዘረጉት እጅም መቀስ እንዳያጣ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ፣ መልሼም ለመቃናት በምርኩዜ እየታገልኩ እሰናበትዎታለሁ።

አክባሪዎ፣
ኢታና ዱሬሳ፣ ያልተነሣው ዳቦ ተጋሪ
ልደታ፣ የካቲት

ማስታወሻ፦ ከራሴ የጨመርኳትን ላውጣ ብዬ ነበር። መቀሱ ነው ብለው ገምተው ይሆናል፤ አይደለም፣ መቀሱ እውነት ነው። ኮፍያውም፣ ምንጣፉም፣ የጂራታ ሰማያዊ ፊትም እውነት ናቸው። ውሸቷ አራተኛዋ ናት። የመኪናዎ በር አልተከፈተም፤ መስኮቱም ሲዘጋ ነው ያየሁት። ይቅርታ የሚለውን ነገር ከአፍዎ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ደብዳቤው በጋዜጣ ሲወጣ ለጂራታ ይነበብለታል፤ እዚያ ቦታ ሲደርስ ውሸት መሆኑን ከማንም በላይ ያውቃል፣ ነገር ግን ይሉኝታ ስላለው እርስዎን አያጋልጥም፣ ዝም ብሎ ይሰማል። እኔ በዚህ ዕድሜ ውሸታም ሆኜ መሞት አልፈልግም። ዘሩን ይዘው ይውረዱና ያቺን አንቀጽ እውነት ያድርጉልኝ። መንገዱም እስከ ሰኔ ደረቅ እንደሚሆን ጽሕፈት ቤትዎ ስለተነበየ፣ ይፍጠኑ።